ከባሕሩ «800 ሜትር» ብቻ የሚርቀው ነጭ ቪላ

ጥያቄው፦

«ሰላም ወንድሜ። የምንኖረው ሙኒክ ነው። እናቴ ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ከእህቴ ቤተሰብ ጋር ተደምረን 9 ሰው ነን፤ ከመካከላችን የ2 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉ። ከኦገስት 8 እስከ 15፣ 2026 ስፔን ውስጥ ሃቤያ አካባቢ ዘመናዊ ቪላ አግኝቻለሁ። ነጭ፣ ሁለት ፎቅ፣ የመዋኛ ገንዳው ጠርዝ ከባሕሩ ጋር የተገጠመ የሚመስል፣ "ከባሕሩ 800 ሜትር" የሚል። ሳምንቱ 2,900 ዩሮ፣ ጽዳት 180፣ መያዣ 1,000፣ ገንዳው እንዲሞቅ ከፈለግን 280። ባለቤቷ ከድረ ገጹ ውጭ በባንክ ካስገባሽልኝ 10 በመቶ እቀንሳለሁ ብላኛለች። የሒሳብ ቁጥሩ በ"ኤልቲ" ይጀምራል። የሁላችንንም ፓስፖርት ፎቶ በዋትሳፕ ጠይቃኛለች። ቆጵሮስ ፓፎስ ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ቤት በ2,300 አለ። የቱን ልያዝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ «አንቺ» ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ ወንድሜ ብለሽ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። በዚህ በሃቤያ ዳርቻ 11 ዓመት የሰው ቪላ ሳስተዳድር ኖሬአለሁ። ቁልፍ አስረክባለሁ፣ ገንዳ አጸዳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣውን ሸኝቼ የሚገባውን እቀበላለሁ።

ከቆጵሮሱ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚያዘዋውሩት አገሮች ኅብረት ውስጥ፣ ገና አልገባችም። የኅብረቱ ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም መስጠት ቆሟል። ስለዚህ እናትሽ የሚይዙት ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። ፓፎስ ያረፉ ዕለት ከሸንገን ወጥተዋል ማለት ነው፤ ወደ ሙኒክ የሚመለሱበት ቪዛ በእጃቸው አይኖርም። በ600 ዩሮ ልዩነት እናትሽን ቆጵሮስ ላይ ማስቀረት አትፈልጊም። ስፔን ግን ሸንገን ውስጥ ናት፤ ከሙኒክ አሊካንቴ መብረር እንደ አገር ውስጥ በረራ ነው፣ ፓስፖርታቸው ከእጃቸው አይለይ እንጂ። ማመልከቻው ገና ካልገባ ዋናው ቆይታቸው ጀርመን ስለሆነ የሚያመለክቱት ለጀርመን ነው፤ የስፔኑ ሳምንት ይህን አይለውጠውም። ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል አትዘግዩ። የጉዞ መድኑም ከ30,000 ዩሮ የማያንስና ለመላው ሸንገን የሚያገለግል ይሁን።

አሁን ወደ ሃቤያ። በመንገድ ምልክቱ ላይ የከተማዋ የቫሌንሲያኛ ስም «ሻቢያ» ነው፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው። እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ለአዲስ አበባ ደውለው «ሻቢያ ገባን» ያሉ እንደሆነ ዘመድ አዝማድ ይደነግጣል።

ገንዘቡን በባንክ አታስገቢ። የምትቆጥቢው 290 ዩሮ ነው፣ የምታስይዢው ደግሞ የቀረውን ሁሉ። በኤልቲ የሚጀምር ሒሳብ የሊቱዌኒያ ነው፤ በርካታ የኢንተርኔት ባንኮች እዚያ ስለተመዘገቡ ይህ ብቻውን ሴትዮዋን ሌባ አያሰኛትም። ከኦክቶበር 9፣ 2025 ወዲህ የዩሮ አገሮች ባንኮች ገንዘብ ከመላካቸው በፊት የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ መመሳሰሉን የማጣራት ግዴታ አለባቸው። ሆኖም ባንክሽ «ስሙ ይገጥማል» ቢልሽ የተረጋገጠው ሒሳቡ የእሷ መሆኑ ነው። ቤቱ የእሷ ለመሆኑ ባንኩ ምንም አያውቅም። የሌላ ሰው ቪላ ፎቶ ገልብጦ ማከራየት እዚህ በየዓመቱ የምንሰማው ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ቤተሰብ ሻንጣውን እየጎተተ እኔ የማስተዳድረው ቤት በር ላይ ቆሞ አግኝቼዋለሁ። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ተከራዮች ነበሩ። የከፈሉት ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን መኪና ውስጥ ለብሰው ጨርሰው ነበር።

ቤቱን የሚያረጋግጥልሽ የፈቃድ ቁጥሩ ነው። ሃቤያ ባለችበት በቫሌንሲያ ክልል ለእረፍት የሚከራይ ቤት ሁሉ በክልሉ የቱሪዝም መዝገብ መግባት አለበት። ቁጥሩ በ«ቪቲ» ይጀምራል፣ እንደ ሃቤያ የአሊካንቴ አውራጃ ከሆነ በ«ኤ» ያልቃል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ በድረ ገጾች ላይ ለሚወጡ የአጭር ጊዜ ኪራዮች አገር አቀፍ የምዝገባ ቁጥር ተጨምሯል። ሁለቱንም ጠይቂ። ከዚያ የመጀመሪያውን በክልሉ መዝገብ ፈልጊና አድራሻው እሷ ከምትሰጥሽ ቦታ ጋር መግጠሙን እዪ። እዚያው ስንት ሰው እንደተፈቀደም ተመልከቺ። ቤቱ ለ8 ሰው የተፈቀደ ከሆነና ባለቤቷ «ሕፃን አይቆጠርም» ካለችሽ ይህ የቃል ደግነት ነው፤ አደጋ የደረሰ ቀን ግን መድኑ የሚያየው የተጻፈውን ነው። ከባርሴሎናም ሆነ ከማድሪድ ዘመድ መጥቶ «አንድ ሌሊት ብቻ» የሚልበትን ነገር አስቀድመሽ አስቢበት። እኛ ሰው አንመልስም፣ ውሉ ግን ይመልሳል። ቆይታችሁን ወደ ሁለት ሳምንት ልታራዝሙ ካሰባችሁ ደግሞ በ2024 የወጣው የክልሉ ደንብ የቱሪስት ኪራይ የሚለው ለአንድ ተከራይ በተከታታይ እስከ 10 ቀን የሚደርሰውን ስለሆነ፣ ከዚያ ለሚበልጠው የሚፈረመው ውል ዓይነት ይለያል።

ስለ ፓስፖርቱ፦ መረጃ መጠየቋ ትክክል ነው። ከዲሴምበር 2፣ 2024 ጀምሮ ማንኛውም አከራይ የእንግዶቹን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አድራሻና የመሳሰለውን ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የማስተላለፍ ግዴታ አለበት፤ 14 ዓመት የሞላው ሁሉም ይፈርማል። ፎቶ ግን አያስፈልጋትም። የስፔን የመረጃ ጥበቃ ኤጀንሲ ራሱ አከራዮች የፓስፖርት ቅጂ መውሰድ የለባቸውም ብሏል። ዝርዝሩን በጽሑፍ ስጫት፣ ያውም ኪራዩ ከጸና በኋላ።

እነዚህን ሁሉ ብታልፍም፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ይህ ቤት ለእናንተ ቤተሰብ የተሠራ አይመስለኝም።

«800 ሜትር» የሚለው ወፍ የሚበርበት መንገድ ነው። ከሃቤያ በስተደቡብ፣ ወደ ግራናዴላና ወደ ቤኒታቼል በኩል ያለው ዳርቻ ገደል ነው። ባሕሩ ከበረንዳሽ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፣ ለመንካት ግን መኪና አስነስተሽ ኮረብታውን በጥምዝምዙ መውረድ፣ መኪና ማቆሚያ መፈለግ፣ ከዚያም ጠጠር ላይ መቀመጥ ነው። ግራናዴላ እጅግ ያምራል፤ ግን ዳርቻው ጠጠር ነው፣ በኦገስት ደግሞ ከጠዋቱ በኋላ መኪና የምታቆሚበት አታገኚም። አሸዋ የምትፈልጊ ከሆነ ያለው አሬናል የተባለው ዳርቻ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤቷን ትክክለኛውን የካርታ ነጥብ ጠይቂና ጉግል ኧርዝ ላይ ከፍታውን እዪ። ቤቱ ከባሕር ወለል በላይ 120 ሜትር ላይ ተቀምጦ «800 ሜትር» የሚል ከሆነ የእንጦጦን ዳገት አስቢው። ልጅ በጋሪ፣ እናትሽ በጉልበታቸው፣ ከሰዓት በኋላ በ32 ዲግሪ ሙቀት።

ይህ ደግሞ የሆነበት ምክንያት አለ። በአሸዋው አቅራቢያ ያለው ሜዳማ ቦታ ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ ጀምሮ ተሠርቶ አልቋል። ለአዲሶቹ ነጭ ቤቶች የተረፈው ተዳፋቱ ነው። አርክቴክቱ ተዳፋቱን ወደ ውበት ይለውጠዋል፦ ከመንገዱ በላይኛው ፎቅ ትገቢያለሽ፣ ሳሎኑና ገንዳው ከታች ነው፣ መኝታ ቤቶቹ ደግሞ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። ደረጃዎቹ ከግድግዳው የወጡ ጠፍጣፋ ሳንቃዎች ናቸው፣ በመካከላቸው ባዶ ነው፣ መደገፊያው ወይ መስታወት ነው ወይ ጭራሽ የለም፤ ፎቶው ላይ እንዲያምር። የሁለት ዓመት ልጅ በዚያ ክፍተት ያልፋል። እናትሽ ደግሞ የሚጨብጡት ስለማይኖር ቀኑን ሙሉ አንድ ፎቅ ላይ ይውላሉ። ወለሉ የለሰለሰ ንጣፍ ነው፣ ከገንዳ በወጣ እርጥብ እግር እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ከወለል እስከ ጣሪያ ያለው መስታወት ሲጸዳ የተከፈተና የተዘጋ አይለይም። እኔ በሥራዬ በሚያልፉት ቤቶች ሁሉ በዓይን ቁመት ተለጣፊ እለጥፍበታለሁ፤ ባለቤቶቹ ፎቶ ሊያነሱ ሲመጡ ይነቅሉታል፣ እኔም መልሼ እለጥፋለሁ።

ገንዳው ላይ ቆም እንበል። የዘመናዊ ቪላ ጥበብ ሁሉ ያለው ሳሎኑንና ገንዳውን በማገናኘት ላይ ነው። የመስታወቱ በር ተንሸራትቶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ደፍ የለም፣ የሳሎኑ ንጣፍ ሳይቋረጥ እስከ ውኃው ጠርዝ ይቀጥላል። ለእንግዳ ማረፊያነት ግሩም ነው፤ ገና መራመድ ለለመደ ልጅ ግን ከምንጣፉ እስከ ውኃው የሚያቆመው ምንም ነገር የለም። ፈረንሳይ ውስጥ በ2003 በወጣ ሕግ መሬት ውስጥ የተቀበረ የግል ገንዳ ሁሉ ከአራቱ አንዱ እንዲኖረው ግድ ነው፦ አጥር፣ ማስጠንቀቂያ ደወል፣ መክደኛ ወይም መጠለያ። በስፔን የሕንጻ ደንብ ስለ ገንዳ መስጠም የሚያወራው ክፍል የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶችን አይጨምርም። ስለዚህ ያየሽው ገንዳ ምንም አጥር ባይኖረውም ባለቤቷ ይህን ደንብ አልጣሰችም፤ ሥራው የአንቺ ነው። የሚተከልና የሚነቀል የመረብ አጥር በሳምንት የሚያከራዩ ሰዎች በአካባቢው አሉ። «አጥር ታስተክዪልኛለሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ «እይታውን ያበላሻል» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቤት ፈልጊ። ከባሕሩ ጋር የተገጠመ የሚመስለውን ጠርዝም ከውጭ በኩል ያለውን ፎቶ ጠይቂ። ውኃው የሚፈስበት ሌላ ገንዳ ከታች አለ፣ ከጠርዙ እስከዚያ ያለው ዝቅታ አንዳንዱ ቤት ላይ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ልጆች ደግሞ ያ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ።

ሰው የሚሰጥመው እየጮኸ ነው ብለን እናስባለን። ሕፃን ግን ድምፅ አያሰማም፣ ውኃም አያንቦጫርቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አደጋው የሚደርሰውም ማንም በሌለበት ሰዓት ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔ የምፈራው ሁሉም ሰው ያለበትን ሰዓት ነው። የእኛ ቡና ሲፈላ 7 አዋቂ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጦ እያንዳንዱ ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ጠባቂው በስም ይታወቅ። ኮፍያም ሆነ ነጠላ አንዱ ላይ አድርጉና በየግማሽ ሰዓቱ ይቀባበሉት፤ ያደረገው ሰው ስልክ አይነካም፣ ስኒም አያቀብልም። በክንድ ላይ የሚነፋውን ተንሳፋፊ ደግሞ እንደ መጫወቻ ቁጠሩት።

ለእናትሽ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወደ ውኃው የሚገባው በምንድን ነው? ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የብረት መሰላል ከሆነ አይገቡም፤ ቢገቡም አይወጡም። ሰፋፊ የድንጋይ ደረጃ ከነመጨበጫው ከሆነ ግን የታመመ ጉልበት ውኃ ውስጥ ሲቀል ራሳቸው ይገረማሉ።

ማሞቂያውን እርሺው። በኦገስት እዚህ ባሕሩ ራሱ 26 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፀሐይ የሚውልበት ገንዳ ከዚያም ይሞቃል። በዚያ ወር 280 ዩሮ መቀበል ለበረሃ እሳት መሸጥ ነው። በኦክቶበር ቢሆን ግን ክፈይ እልሽ ነበር፣ ሒሳቡም ይህ ነው፦ 8 በ4 የሆነና በአማካይ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 48,000 ሊትር ይይዛል። ያን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከ20 ወደ 28 ለማድረስ 450 ገደማ። 15 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ ያለ ማቋረጥ 30 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው፤ ሌሊት የሚጠፋው ሲታከልበት ሁለት ሦስት ቀን። ስለዚህ በኦክቶበር «ስትደርሱ እንከፍተዋለን» የሚል አከራይ የሳምንቱን ግማሽ ቀዝቃዛ ውኃ ሸጦልሻል።

ወጥ ቤቱ። እነዚህ ቤቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ኢንዳክሽን፣ ማለትም በማግኔት የሚያሞቅ፣ ምድጃ ነው ያላቸው። የሸክላ ጀበና በኢንዳክሽን አይሞቅም፣ የአሉሚኒየም ድስትም እንዲሁ፤ ማግኔት የማይዘው ዕቃ ሁሉ እዚያ ላይ ሬሳ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሻንጣ ውስጥ ጨምሩ። በከሰል ከቤት ውጭ እናፈላለን እንዳትሉ፤ በዚህ ክልል ከደን 500 ሜትር ውስጥ እሳት ማንደድ ገደብ አለበት፣ በበጋ ደግሞ ቀልድ የለም። በሴፕቴምበር 2016 የተነሳ እሳት የግራናዴላን ጥድ በልቶ ብዙ ሰው ከቤቱ አስወጥቷል፤ ከሩቅ ጭስ ያየ ጎረቤት ፖሊስ ለመጥራት አያመነታም። ቡናውን ስትቆዪና ዕጣን ስታጨሺ ከጭስ ጠቋሚው ራቅ ብለሽ በሩን ክፈቺ።

ምጣድ ይዘን እንምጣ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አታምጡ እላለሁ። በስፔን እያንዳንዱ ቤት ከመብራት አቅራቢው ጋር የተዋዋለው የኃይል ጣሪያ አለው። 5.75 ኪሎ ዋት የተዋዋለ ቤት ላይ ምጣዱ ብቻውን ከ3 በላይ ሲወስድ፣ የገንዳው ፓምፕና ሁለት አየር ማቀዝቀዣ ሲጨመሩበት መብራቱ ይቆረጣል። ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር ነው፤ በሌሊት በስልክ መብራት የሚፈልገው ሰው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። እንጀራው ሙኒክ ተጋግሮ፣ በረዶ ሆኖ ይምጣ።

መያዣሽን የሚበላው የተሰበረ ብርጭቆ አይሆንም። እርድና የበርበሬ ዘይት ነው። ነጭ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ነጭ የበፍታ ሶፋ፣ ነጭ የሲሚንቶ ግድግዳ፤ አልጫ አንድ ሌሊት ያደረበት ቦታ ዳግመኛ ነጭ አይሆንም። ሶፋውን በአንሶላ ሸፍኑ፣ መቁረጫና ማስቀመጫ ተጠቀሙ፣ በገባችሁበት ሰዓት ደግሞ ቤቱን በሙሉ በቪዲዮ ቅረጹ።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያልጠየቅሽኝን። ከኦገስት 8 እስከ 15 ማለት ከነሐሴ 2 እስከ 9 ነው፣ ፍልሰታ መሃል። እናትሽ ይጾማሉ ብዬ እገምታለሁ። ጎረቤት ከተማችን ዴንያ በቀይ ሽሪምፗ የታወቀች ናት፤ 20 ደቂቃ ርቀት ላይ ሆነው ሽሮ ሊበሉ ነው። በ2026 ነሐሴ 16፣ ኦገስት 22፣ ቅዳሜ ይውላል። እዚህ ደግሞ ኪራይ የሚገባው ቅዳሜ ነው። የባቫሪያ ትምህርት ቤቶች እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ዝግ ናቸው፣ ከኦገስት የመጨረሻው ሳምንት ጀምሮ ዋጋው ይላላል፣ ባሕሩ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ያን ቀን ብትይዙ ጾሙን በበዓሉ ቀን ፈትታችሁ ወደ ቤቱ ትገባላችሁ።

እኔ ብሆን የምይዘው ምን ዓይነት ቤት ነው? ከአሬናል ኋላ ያለውን ሜዳ ላይ ያለ፣ አንድ ወለል የሆነ፣ በአካባቢው የቶስካ ድንጋይ የተሠራ ቅስት በረንዳ ያለው የ80ዎቹ ቪላ፤ መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ ብቻ የታደሰ። ፎቶው ላይ ጓደኞችሽን አያስቀናም። ገንዳው ግን የድንጋይ ደረጃ አለው፣ ከሳሎኑ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ግቢው ለአጥር ይመቻል፣ እናትሽም ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ሞንትጎ ተራራን እያዩ በእግራቸው እስከ ባሕሩ ይደርሳሉ። ከአሊካንቴም ከቫሌንሲያም አየር ማረፊያ መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አውራ ጎዳናው ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ክፍያ የለበትም፤ ስለዚህ የረከሰውን በረራ ያዙ።

ያኛው ነጩ ቤት ከልብሽ ካልወጣ ግን ለሴትዮዋ ዛሬውኑ በድረ ገጹ በኩል ይህን ላኪላት፦ «የቪቲ ቁጥሩንና የካርታ ነጥቡን ላኪልኝ፤ ስንት ሰው ተፈቅዷል? የውስጥ ደረጃውን፣ የገንዳውን መግቢያና የጠርዙን ውጭ ፎቶ አንሺልኝ፤ የመረብ አጥር ይተከላል? የምከፍለው እዚሁ ድረ ገጽ ላይ ነው።» የካርታ ነጥቡን ስታገኚ ለእኔም ጣይልኝ፤ መንገዱን ካወቅሁት ስንት ጥምዝምዝ እንዳለው እነግርሻለሁ።